የሚሮጥ እንስሳን ስለ መሣል

የቆመ እንስሳ ሠዓሊን ይታገሠዋል፤ የሚሮጥ ግን አይጠብቀውም። ድኵላ ከቍጥቋጦ ብድግ ብሎ ሲሸሽ ያየ ሰው፥ ስንቱ እግሩ መሬት ነክቶ እንደ ነበረ ቢጠይቁት መልስ ያጣል። ዓይን ሩጫውን ያያል እንጂ እርምጃውን ለይቶ አይቈጥርም።

ስለዚህ የቀድሞ ሠዓሊዎች የሚጋልብ ፈረስ ሲሥሉ፥ የፊት እግሮቹን ወደ ፊት የኋላ እግሮቹን ወደ ኋላ ዘርግተው፥ ከመሬት አንሥተው ያሳዩት ነበር። ሥዕሉ ያማረ ስለ ሆነ ደቀ መዝሙር ከመምህሩ እየተቀበለ ኖረ፤ የመረመረው ግን ጥቂት ነው።

በፈረንሳይ አገር ሜሶኒዬ የሚባል ስመ ጥር ሠዓሊ ነበረ። እርሱስ መርማሪ ነበረ። ፗሲ በምትባል ከተማ ትንሽ የባቡር ሐዲድ አዘርግቶ፥ በላዩ በሚሄድ ሠረገላ ተቀምጦ፥ በአጠገቡ ከሚጋልብ ፈረስ ጋራ እኩል እየሄደ ይሥል ነበር። ይህን ያህል ደክሞ እንኳ ዓይኑ አታለለው።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1878 ዓ. ም. በአሜሪካ፥ በካሊፎርኒያ፥ ስታንፎርድ የሚባል ባለጠጋ ማይብሪጅ የተባለውን ፎቶግራፍ አንሺ የፈረስን ሩጫ እንዲያነሣ አደረገው። ማይብሪጅ በመሮጫው ዳር 12 የፎቶግራፍ መሣሪያዎች በተርታ አቆመ፤ በመንገዱም ላይ ቀጭን ክር አሻግሮ ዘረጋ። ባዝራይቱ እየጋለበች ክሩን በበጠሰች ቍጥር አንዱ መሣሪያ ሥዕልዋን ያዘ። በዚህም አራቱ ሰኰና ከመሬት የሚለቀው እግሮቹ ሲዘረጉ ሳይሆን ከሆድዋ በታች ሲሰበሰቡ መሆኑ ታወቀ። ኋላም ማይብሪጅ አንበሳንና ዝሆንን፥ ሌሎችንም አራዊት እንዲሁ አንሥቶ፥ በ1887 ዓ. ም. 781 ገጽ ሥዕል አወጣ፤ አውሬ ለሚሥሉ ሁሉ ትልቅ ረዳት ሆነ።

ሜሶኒዬ ፎቶግራፎቹን ባየ ጊዜ መጀመሪያ አላመነም። ዕድሜውን ሁሉ ፈረስ ሲመለከት ለኖረ ሰው ነገሩ ይከብዳል። ቢሆንም በ1881 ዓ. ም.፥ የ66 ዓመት ሽማግሌ ሳለ፥ ማይብሪጅን በፓሪስ ወደ ነበረው ቤቱ ጠራው። ደግሞም ሠዓሊዎችንና ጸሓፊዎችን ሰበሰበ፤ የራሱን ስሕተት የሚገልጠውን ሥዕል በገዛ ቤቱ፥ በባልንጀሮቹ ፊት አሳየ። ዝም ቢል ማንም ባላስገደደው ነበር።

ከዚያ በፊት ከ10 ዓመት በላይ ደክሞ የናፖሌዎንን ፈረሰኞች የሚያሳይ ታላቅ ሥዕል በ1875 ዓ. ም. ፈጽሞ ነበር፤ እርሱም ወደ አሜሪካ ተሸጦ ከእጁ ወጥቶአል። በ1888 ዓ. ም. ያንኑ ነገር በውሃ ቀለም እንደ ገና ሣለው፤ የፈረሶቹንም እግር አቃናው።