ድመት ልታረቢ ለተነሳሽው የእህቴ ልጅ

ልጄ፣ ድመት ማርባት እንደጀመርሽ እናትሽ ነገረችኝ። ደስ ብሎኛል፤ ግን አንድ ነገር ያሰጋኛል። እኔ እንዳየሁት ድመት ከሰው ቤት የምትባረረው ሰው ስትቧጭር ወይም ምንጣፍ ላይ ስትጸዳዳ ነው። ሁለቱም ልማድ የሚያዘው ገና አንቺ ዘንድ ሳለች ነው። ስለዚህ የምልሽን በጥሞና ስሚኝ።

1. ከሁሉ በፊት እጅሽን አስለምጃቸው። ግልገል ሰውን በቀላሉ የምትለምደው ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ነው። ከዚያ በኋላም ትለምዳለች፣ ድካሙ ግን ብዙ ነው። በፊላደልፊያ የቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረችው አይሊን ካርሽ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ባሳተመችው ጥናት፣ በቀን 40 ደቂቃ የታቀፉ ግልገሎች 15 ደቂቃ ብቻ ከታቀፉት ፈጥነው ወደ ሰው ይቀርቡ ነበር። ጊዜውን ከፋፍይው፤ ጠዋት ትንሽ፣ ማታ ትንሽ። ስታነሺ አንድ እጅሽ ከደረቷ ሥር፣ ሌላው ከኋላ እግሮቿ ሥር ይሁን።

አንቺ ብቻ አትያዣቸው። በአንድ ሰው እጅ ያደገች ያንን ሰው ብቻ ታምናለች። አባትሽም፣ ጎረቤቶችሽም ይቀፏቸው፤ ልጆች ሲመጡ መሬት ላይ ተቀምጠው ይያዙ። በጣትሽ አታጫውቻቸው፤ ዛሬ ጣትሽን በወተት ጥርሷ የምትነክስ ነገ የሰው ልጅ ታደማለች። ገመድ ጫፍ ላይ ጨርቅ አስረሽ ጎትቺላቸው። ጥግ ይዛ የምትደበቀዋን ደግሞ ጎትተሽ አታውጫት። አጠገቧ ቁጭ በይና የተቀቀለ ሥጋ ቁራጭ አቅርቢላት፤ ራሷ ትመጣለች። ከሁሉም ይልቅ ጊዜሽን የምትፈልገው እሷ ናት።

2. ዓይናቸው እስኪገለጥና ጥቂት እስኪጠነክሩ ጸጥ ያለ ሙቅ ጥግ ይበቃቸዋል። ከዚያ በኋላ ግን ጓዳ ዘግተሽ አታሳድጊያቸው። ሙቀጫው ሲወቀጥ፣ ቴሌቪዥኑ ሲጮህ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይስሙ። የቡናውና የእጣኑ ጭስ ብቻ አይድረስባቸው።

3. መጸዳጃውን በተመለከተ፣ እስከ 3ኛው ሳምንት ገደማ እናታቸው እየላሰች ታጸዳቸዋለች። መሬት መጫር ሲጀምሩ ግን ሳጥኑ ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸው። ውድ ዕቃ አያስፈልግም፦ የዘይት ጀሪካን በቁመቱ ሰንጥቀሽ ጠርዙን አለስልሺው፤ ግልገሏ ያለ ችግር እንድትገባ ግድግዳው ዝቅ ይበል። ሰጋቱራ ወይም አሸዋ ሙይበት። ውሃ ሲነካው የሚጠጥረውን የሱቅ አሸዋ ለትንንሾቹ አትጠቀሚ፤ እየቀመሱ ስለሚውጡት አንጀታቸውን ሊዘጋ ይችላል።

ከእንቅልፍ ሲነቁና በልተው ሲጨርሱ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጫቸው። መዳፋቸውን ይዘሽ አትጫሪላቸው፤ መቆፈሩን ራሳቸው ያውቁታል። አንድ ሳጥን አይበቃም፤ በሚጫወቱበት ክፍል ሁሉ ይኑር፣ ከምግባቸውም ይራቅ።

ሌላ ቦታ ከተጸዳዱ አትምቺ፣ አፍንጫቸውንም ቆሻሻው ላይ አታሺ። እንዲህ ብታደርጊ ግልገሏ የምትማረው አንቺን መፍራትና ተደብቆ መጸዳዳት ነው። ቦታውን በሳሙና እጠቢው፤ ቀጥሎ በውሃ በቀጠነ አቼቶ ጥረጊው። ዴቶል ድመት በምትኖርበት ቤት አታፍስሺ፤ በውስጡ ያለው ኬሚካል ለድመት መርዝ ነው። በረኪናንም ከሽንት ጋር አትቀላቅዪ፤ የሚወጣው ጋዝ አንቺንም ይጎዳል።

ሳጥኑን በየቀኑ አጽጂ። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተውሳክ በድመት ዓይነ ምድር ሲወጣ ወዲያው አያስይዝም፤ ለመብሰል ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋል። ነፍሰ ጡር ሴት ግን ሳጥኑን ጨርሳ አትንካው፤ ለፅንሱ አደገኛ ነው።

4. ወጥ የነካው እንጀራ አትስጫቸው። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ ቢበስልም መርዝነቱ አይለቅም። የላም ወተት ደግሞ ብዙዎቹን ያስቀምጣል፤ ተቅማጥ የያዛት ግልገል ሳጥኑ ጋ ሳትደርስ ያመልጣታል፣ ልፋትሽም ከንቱ ይሆናል። ሳጥኗን ለምዳ የነበረች ድንገት ከተወችው ሳትቆጪ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰጃት። የትል መድኃኒቱንና ክትባቱንም ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሪ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት 3 ወር ሲሞላቸው ይጀመራል።

5. ከምትችዪው በላይ አታስወልጂ። ድመት በ4 ወይም በ5 ወሯ ልታረግዝ ትችላለች፣ እያጠባችም ታረግዛለች። ብዙ ግልገል ካለሽ ያ 40 ደቂቃ ለማን ይደርሳል?

6. በ5ኛው ሳምንት ምግብ ሲጀምሩ ፈላጊ በር ያንኳኳል። ቢለምኑሽም፣ ዋጋ ቢጨምሩልሽም እምቢ በይ፤ 12 ሳምንት ይሙላቸው። ከሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ፣ ወደ 6000 የሚጠጉ ድመቶችን የተመለከተ ጥናት ከ8 ሳምንት በፊት ከእናታቸው የተለዩት ይበልጥ ጠበኞች እንደሚሆኑ አሳይቷል። የንክሻን ልክ የሚያስተምሯት ወንድምና እህቶቿ ናቸው፤ ስትበዛባቸው ጮኸው ጨዋታውን ያቆማሉ።

ስትሰጫት ከለመደችው ሳጥን አንድ እፍኝ ሰጋቱራ በፌስታል ጨምሪላት። ወሳጇም አዲሱ ሳጥን ላይ ይበትነው፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በአንድ ክፍል ያቆያት፣ ሳጥኑም እዚያው ይሁን።