የመኪና የፊት መንኰራኵር በምን ላይ ይዞራል?

መኪና ሲሄድ ያየ ሰው ሁሉ፥ ነጂው መሪውን ሲያዞር የፊት መንኰራኵሮች ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ እንደሚታጠፉ ያውቃል። ነገር ግን መንኰራኵሩ በሁለት ልዩ ልዩ መንገድ እንደሚዞር ልብ የሚለው ጥቂቱ ነው። አንደኛው ለመንከባለል በራሱ ዛቢያ ላይ የሚዞረው ነው፤ ሁለተኛው ግን አቅጣጫ ለመለወጥ፥ በር በማጠፊያው ላይ እንደሚዞር ሁሉ፥ ቀጥ ብሎ በቆመ ማጠፊያ ላይ የሚዞረው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ሁለተኛውን መግለጽ ነው።

፩. አጀማመሩ

በቀድሞው ሠረገላ የፊቱ አግዳሚ ዘንግ ከነመንኰራኵሮቹ በመካከሉ ባለ አንድ ችንካር ላይ ይዞር ነበር። ይህ አሠራር ሰፊ ቦታ ከመፈለጉም በላይ፥ በጠባብ ኩርባ ላይ የሠረገላው መቆሚያ ስለሚጠብ ለመገልበጥ ያቀርባል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የሙኒኩ ሠረገላ ሠሪ ጌኦርግ ላንከንስፐርገር አግዳሚው ዘንግ ሳይነቃነቅ እያንዳንዱ መንኰራኵር በየራሱ ማጠፊያ ላይ የሚዞርበትን ዘዴ አወጣ። ሩዶልፍ አከርማንም እ.ኤ.አ. በ1818 በለንደን ይህንኑ በፓተንት አስመዘገበ። ካርል ቤንዝ በ1886 ያወጣው መኪና ባለ ሦስት እግር ነበር፤ አራት እግር ላለው መኪና የሚስማማውን ባለ ሁለት ማጠፊያ መሪ በፓተንት ያስመዘገበው በ1893 ነው።

በኩርባ ላይ የውስጡ መንኰራኵር በትንሽ ክብ፥ የውጭው በትልቅ ክብ ይሄዳሉ። ሁለቱ እኩል ቢታጠፉ ጎማው መሬቱን እየፋቀ ይጎተታል። ስለዚህ ከማጠፊያዎቹ ወደ ኋላ የሚወጡት ክንዶች ወደ ውስጥ ዘንበል ብለው ይሠራሉ፤ በዚህም የውስጡ ከውጭው ይበልጥ ይታጠፋል።

፪. ኪንግ ፒንና ቦል ጆይንት

በጭነት መኪና ላይ መንኰራኵሩን የተሸከመው ብረት እንደ ሹካ ሁለት ጣቶች አሉት፤ በእነርሱም የአክስሉን ጫፍ ከላይና ከታች ያቅፋል። በሦስቱም ቀዳዳ ውስጥ የሚያልፈው ወፍራም የብረት ዘንግ ኪንግ ፒን ይባላል። ፒኑ በአክስሉ ውስጥ ተጠብቆ ስለሚታሰር አይዞርም፤ የሚዞረው ሹካው ነው። ብረት ከብረት ጋር እንዳይፋተግ በጣቶቹ ቀዳዳ ውስጥ ቦኮላ ይገባል፤ የመኪናውን ክብደት የሚቀበል ኩሽኔታም በአክስሉና በታችኛው ጣት መካከል ይቀመጣል።

እያንዳንዱ መንኰራኵር ለብቻው በሚነሣበትና በሚወርድበት መኪና ግን ማጠፊያው ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታችም መንቀሳቀስ አለበት። ይህን የሚያሟላው ቦል ጆይንት ነው። አሠራሩም እንደ ጭን አጥንት ነው፤ ክብ ራሱ በጎድጓዳ ቤት ውስጥ ተይዞ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይንቀሳቀሳል። ሊንከን የተባለው የአሜሪካ መኪና በ1952 ይህን ይዞ ወጣ፤ ብዙ ሰው የሚያውቃት ትንሿ ቮልስዋገን ከ1966 ሞዴል ጀምሮ ኪንግ ፒኗን በዚሁ ለወጠች። ዛሬ በአብዛኛዎቹ ትንንሽ መኪናዎች ከታች ቦል ጆይንት፥ ከላይ በሞላው ራስ ያለ ኩሽኔታ ይሠራሉ። ከባድ የጭነት መኪናዎች ግን ኪንግ ፒንን አልተዉም፤ ብዙ ክብደት ይችላልና።

፫. ለምን ዘንበል ይላል?

ማጠፊያው ፍጹም ቀጥ ብሎ አይተከልም። አንደኛ፥ ራሱ ወደ መኪናው ውስጥ ያዘነብላል። መስመሩ ወደ ታች ቢቀጥል ጎማው መሬት ወደሚነካበት ቦታ ስለሚጠጋ፥ ድንጋይ በተመታ ቁጥር መሪው ከነጂው እጅ አይመነጨቅም። ደግሞም መንኰራኵሩ ሲታጠፍ የመኪናው ፊት በጥቂቱ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ክብደቱ ራሱ መንኰራኵሩን ወደ ቀጥታ ይመልሰዋል። ሁለተኛ፥ ራሱ ወደ ኋላ ያዘነብላል። በብስክሌት የፊት ሹካ እንደሚታየው፥ መስመሩ መሬትን የሚነካው ከጎማው ቀድሞ ነው፤ ጎማውም ከኋላ እየተጎተተ ስለሚከተል መንገዱን ሳይስት ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

፬. ሲያረጅ

ግራሶ ያጣ ወይም አቧራና ውኃ የገባበት ማጠፊያ ይበላል፤ መንኰራኵሩ ይንቀጠቀጣል፥ ጎማው በአንድ ወገን ያልቃል፥ መሪው ይላላል። ለመመርመር መኪናው በክሪክ ተነሥቶ በጠንካራ መቆሚያ ላይ ይደገፋል፤ ሞላው በታችኛው ክንድ ላይ ያረፈ እንደ ሆነ ክሪኩ ከዚያው ክንድ ሥር ይግባ። ከዚያም ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅ ነው። የላላ ከሆነ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥ፤ በዚህ ጊዜ መነቃነቁ ቢቀር ጥፋቱ የመንኰራኵሩ ኩሽኔታ ነው፤ ባይቀር ግን የማጠፊያው ነው።

ቦል ጆይንት ከቤቱ ከወጣ መንኰራኵሩ በድንገት ይታጠፋል፤ ነጂው መሪውን ቢይዝም መኪናው አይታዘዘውም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርደው ባለ ብዙ ኩርባ መንገድ ላይ ይህ ቢደርስ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። በእጅ መዳፍ የሚያዝ ብረት የተሳፋሪዎችን ሁሉ ሕይወት ተሸክሟል፤ ስለዚህ ጉዞ ከመጀመሩ በፊት መመርመር ከሁሉ ይቀድማል።