ስለ አንድ ታላቅ ቁጥር

ልጆች ሆይ! ከ1 እና ከራሱ በቀር ማንም ቁጥር ያለ ትርፍ የማይከፍለው ቁጥር ብቸኛ ቁጥር ይባላል። 7 ብቸኛ ነው፤ 12 ግን 3 ጊዜ 4 ስለ ሆነ ብቸኛ አይደለም።

2 ሦስት ጊዜ ተጽፎ እርስ በርሱ ቢባዛ 8 ይሆናል፤ 1 ቢቀነስለት 7 ይቀራል። አምስት ጊዜ ተጽፎ ቢባዛ 32 ይሆናል፤ 1 ቢቀነስለት 31 ይቀራል። 7ም 31ም ብቸኞች ናቸው። ዐሥራ አንድ ጊዜ ተጽፎ ቢባዛ ግን 2,048 ይሆናል፤ 1 ቢቀነስለት የሚቀረው 2,047፥ 23 ጊዜ 89 ነውና ብቸኛ አይደለም። ስለዚህ ሁለት ጊዜ እውነት ሆኖ የተገኘ ነገር ሁልጊዜ እውነት ነው ማለት አይገባም።

በፈረንሳይ አገር መርሴን የሚባል የተማረ መነኩሴ ነበረ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1644 ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ፥ 2 ስድሳ ሰባት ጊዜ ተጽፎ ቢባዛና 1 ቢቀነስለት የሚቀረው ቁጥር ብቸኛ ነው ብሎ ጻፈ። ቁጥሩም ይህ ነው፤

147,573,952,589,676,412,927።

ይህ ቁጥር 21 አሃዞች አሉት። የመጨረሻው አሃዝ 7 ስለ ሆነ 2ም 5ም አይከፍሉትም። አሃዞቹ ሁሉ ቢደመሩ 109 ይሆናሉ፤ 109ን 3 ስለማይከፍለው ታላቁንም ቁጥር 3 አይከፍለውም። ትንንሾቹ ቁጥሮች እንዲህ ስለማይከፍሉት፥ ለሚያየው ሁሉ ብቸኛ ይመስላል።

ነገር ግን በ1876 ሉካስ የሚባል የፈረንሳይ ሊቅ ቁጥሩ ብቸኛ አለመሆኑን በስሌት አስረዳ፤ ከፋዮቹን ግን አላገኘም። እህሉ ሲጎድል ጎተራው ቀዳዳ እንዳለው ይታወቃል፤ ቀዳዳው የት እንደ ሆነ ግን ገና መፈለግ አለበት። የሉካስም ነገር እንዲሁ ነበረ።

በ1903 ኮል የሚባል አሜሪካዊ መምህር በኒው ዮርክ ከተማ በሊቃውንት ጉባኤ ፊት ቆመ። እንደሚነገረው፥ አንዲት ቃል ሳይናገር በሰሌዳው ላይ 2ን እያባዛ ታላቁን ቁጥር አወጣ። ቀጥሎም 193,707,721ን በ761,838,257,287 አባዛ። ሁለቱም ስሌቶች አንድ ሆኑ፤ ጉባኤውም በጭብጨባ አከበረው። ስንት ጊዜ እንደ ፈጀበት ቢጠይቁት፥ የሦስት ዓመት እሑዶች ናቸው ብሎ መለሰ ይባላል።

እንግዲህ ልጆች፥ ከዚህ ሁለት ነገር እንማር። መጀመሪያ፥ ቁጥር ለማንም ስም አያደላም፤ መርሴን ታላቅ ሊቅ ቢሆንም ቃሉ በስሌት ተፈተነ። ስለዚህም ማንም አይሳቅበት፤ እርሱ ባይጽፈው ኖሮ ሌሎች ይህን ቁጥር ለመመርመር ባልተጉም ነበር። ሁለተኛ፥ የብዙ ቀን ትዕግሥት በጥቂት ደቂቃ ይታያል። ኮል በሰሌዳ ላይ ያሳየውን ዛሬ ማባዛት የሚያውቅ ተማሪ ሁሉ ሊያረጋግጠው ይችላል፤ ያገኘው ግን ያልሰለቸ ሰው ነው።

እናንተም 2ን ዘጠኝ ጊዜ ጽፋችሁ አባዙ፤ 1 ቀንሱለት፤ ቀሪውንም 7 ይከፍለው እንደ ሆነ ፈትኑ። መምህራችሁ ከመንገራቸው በፊት በገዛ እጃችሁ እወቁት።