ሳቲን ለምን ያንሸራትታል? እንዴትስ ይሰፋል?

በሕፃን ብርድ ልብስ ጠርዝ ላይ የሚዞረውን የሚያብረቀርቅ ሳቲን አይታችኋል አይደል? ለሕፃኑ ጉንጭ ይለሰልሳል፤ የሚሰፋውን ሰው ግን ሙልጭ እያለ ያስቸግራል። ምክንያቱ አሸማመኑ ነው። በአቡጀዲ ላይ ክሮቹ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች እየተፈራረቁ ያልፋሉ። በሳቲን ግን አንዱ ክር 4 ወይም ከዚያ በላይ ክሮችን ዘሎ ነው የሚጠልቀው። ስለዚህ ሰበቃው ትንሽ ነው።

አሰፋፉ፦

1. 10 ሴ.ሜ ስፋት ያለውን ሳቲን 5 ሴ.ሜ እንዲሆን በርዝመቱ እጠፉት። ስስ ጨርቅ ላዩ ላይ አድርጋችሁ ለብ ባለ ካውያ ተኩሱት።
2. የብርድ ልብሱን ጠርዝ እጥፋቱ ውስጥ አስገብታችሁ በስፒል ያዙት። ስንት ስፒል እንደሰካችሁ ጻፉ።
3. ማዕዘን ላይ ስትደርሱ ትርፉን በሰያፍ እጠፉት።
4. ስፒል ብቻ አይበቃም፤ ጨርቁ እንዳይሸሽ በእጅ ወስውሱት።
5. መርፌው ላዩንም ታቹንም መያዙን እያያችሁ በደቃቅ ስፌት ስፉት። ክፍት ከቀረ የሕፃኑ ጣት ይገባበታል።
6. የወሰወሳችሁበትን ክር ፍቱ፤ ስፒሎቹን ቁጠሩ። አንድ እንኳ ከጎደለ ሳይገኝ ሕፃኑን እንዳታለብሱት!

ማማሩ ሁለተኛ ነው፤ መጀመሪያ ሕፃኑን አይውጋው።