የወፍጮ ሞተር ያለ ልክ ሲፈጥን

ሚ-ኒ-ሞ። ቃሉን ቆጥራችሁ አንብቡት። መኪና ቆማ ሞተሯ በዝግታ ሲዞር ሾፌሮች «ሚኒሞ ላይ ናት» ይላሉ። ከሆሳዕና ወደ ሆመቾ የመጣች መኪና ገበያ ዳር ቆማ ስታንኮራፋ የምትሰሙት ድምፅ እሱ ነው። ቆማ ሳለ ብትጮህ ሾፌሩ ወርዶ የነዳጅ ካቦዋን ያያል። የወፍጮ ሞተር ሲጮህ ግን ብዙ ሰው «ጉልበት አለው» ብሎ ይደሰታል። ጉልበት አይደለም፤ ብልሽት ነው። የናፍጣ ወፍጮ ሞተር እህል ኖረም አልኖረም ከሞላ ጎደል በአንድ ፍጥነት እንዲዞር ነው የተሠራው።

በአንድ ወፍጮ ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት እናት የበቆሎ ዱቄታቸውን ሲቀበሉ እጃቸውን አቃጠላቸው። ሽታው ያረረ ቂጣ ይመስላል። ወፍጮኛው «ድንጋዩ ተጠጋግቶ ነው» አለና አላላው። ዱቄቱ ሻካራ ሆነ እንጂ አልቀዘቀዘም። አንድ አባት ግን «ኧረ ልጆች፣ የቺንጋው ድምፅ እንደ ድሮው አይደለም» አሉ። ስለዚህ ለመቁጠር ተነሣን።

ሞተሩ ላይ የተለጠፈች ትንሽ ቆርቆሮ አለች። ፊደሏ የፈረንጅ ነው፤ ቁጥሯ ግን እናንተ የተማራችሁት ቁጥር ነው። በእንግሊዝ አገር የተሠራው የድሮው ሊስተር 6/1 ከሆነ፣ 6 የፈረስ ጉልበቱ፣ 1 የሲሊንደሩ ብዛት ነው። በ1 ደቂቃ 650 ጊዜ ይዞራል። 8/1 ከሆነ 850 ነው። ይህን ያህል ዙር ማን በዓይኑ ይቆጥራል? ዘዴ አለው። ሞተሩ ቆሞ ሳለ የሞተሩን ፑሊ ዙሪያ በገመድ ለኩ፤ 1 ሜትር ይሁን። የቺንጋውን ርዝመት ለኩ፤ 10 ሜትር ይሁን። እንግዲህ ሞተሩ 10 ጊዜ ሲዞር ቺንጋው 1 ጊዜ ብቻ ይዞራል። የቺንጋው መጋጠሚያ ላይ ኖራ ቀቡ፣ ሞተሩን አስነሡ፣ ራቅ ብላችሁ ቁሙና በሰዓት 1 ደቂቃ ቁጠሩ። 65 ጊዜ ካለፈ፣ 65 በ10 ሲባዛ 650፤ ደግ ነው። እኛ የቆጠርነው 81 ነበር። 810 ማለት ነው!

ምክንያቱ ምን ነበር? በሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከሩ ክብደቶች አሉ። ሞተሩ ሲፈጥን ወደ ውጭ ይከፈቱና በአንድ ክንድ አማካይነት የናፍጣ ፓምፑን ይቀንሱታል። ሞላ ደግሞ በተቃራኒው ይጎትታል። የዚያ ሞተር ክንድ ላይ ዱቄትና ዘይት ተቦክቶ ደርቆ እንደ ጭቃ ይዞታል፤ ናፍጣውን ሊቀንስ አልቻለም። ሞተሩን አቁመው በናፍጣ አጠቡት፣ አንድ ጠብታ ዘይት አደረጉለት። በእጅ ሲነካ ልል ሆነ። እንደገና ቆጠርን፤ 66። የእናትየው ሁለተኛ ቁና ለብ ብሎ ወጣ።

ክንዱ ልል ሆኖ ፍጥነቱ ካልቀነሰ ሞላውን እዩ። ሰልፉን ቶሎ ለመጨረስ ብሎ ያጠበቀው ሰው ሊኖር ይችላል። በጣም የፈጠነ የወፍጮ ድንጋይ ሊፈነዳ ይችላል፤ ለሰልፍ ተብሎ የሚደረግ ነገር አይደለም። ፓምፑ ራሱ ከተያዘ ግን መካኒክ ጥሩ እንጂ አትፍቱት።

ከሁሉ የሚያስፈራው ናፍጣው ተዘግቶም ሞተሩ እየፈጠነ ሲሄድ ነው። ያን ጊዜ የሚያቃጥለው የራሱን ዘይት ነው። ሰዎችን ከቤት አውጡ። በትልቁ መዘውርና በቺንጋው ትይዩ ማንም አይቁም። ናፍጣውን ከዘጋችሁ በኋላ፣ በደህና መድረስ ከተቻለ፣ የአየር መሳቢያውን በጠፍጣፋ ሳንቃ ድፈኑት፤ አየር ካጣ ይጠፋል። በእጅ ወይም በጨርቅ አይሆንም፤ ጨርቁን ይስበዋል። ሲቆም የዘይቱን ልክ እዩ። የአንዳንድ ሞተር አየር ማጣሪያ ከሥሩ ዘይት ይይዛል፤ እዚያ ከምልክቱ በላይ የተሞላ ዘይት ወደ ሲሊንደሩ ይሳባል። ትርፉ ካልተቀዳ ሞተሩ አይነሣ።