ለጅባት ደን አእዋፍ የቴሌፎቶ ዙም ሌንስ አመራረጥ

በሸነን አካባቢ እንዳለው የጅባት ደን ባለ ተራራማ ደን ውስጥ፣ ከዛፎች ጥላ ሥር ብርሃን ይደክማል። ስለዚህም አእዋፍን በፎቶግራፍ የሚመዘግብ ተመራማሪ ኤፍ 2.8 የሆነውን ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ለመምረጥ ይገፋፋል። ይህ ጽሑፍ የኤፍ ቁጥር ብቻውን በቂ መመዘኛ እንዳልሆነ ያሳያል።

የሌንስ የብርሃን መግቢያ ዲያሜትር የሚገኘው የትኩረት ርዝመቱን ለኤፍ ቁጥሩ በማካፈል ነው። በዚህ ስሌት 200 ሚሊ ሜትር በኤፍ 2.8 ወደ 71፣ 600 ሚሊ ሜትር በኤፍ 6.3 ደግሞ ወደ 95 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በእኩል ርቀትና በእኩል የመዝጊያ ፍጥነት ረጅሙ ሌንስ ከአንድ ወፍ የሚሰበስበው ብርሃን የአጭሩን 1.8 እጥፍ ያህል ነው፤ የወፉም ምስል በቁመት 3 እጥፍ ይገዝፋል። የአይኤስኦ ቁጥር ከፍ ቢልም፣ የአጭሩ ሌንስ ምስል ተቆርጦ ወደ እኩል መጠን ሲጎላ የባሰ ይሻክራል።

በኢትዮጵያ ብቻ የሚኖረውን ግንባረ ቢጫ በቀቀን ለመለየት የግንባሩ ቀለም መታየት አለበት፤ ካልታየ ፎቶግራፉ ማስረጃ አይሆንም። ይበልጥ ለመቅረብ መሞከርም፣ በተለይ በጎጆ አጠገብ፣ ወፉን ያውካል።

ስለሆነም ለአእዋፍ ምዝገባ ረጅሙ ሌንስ ከመደገፊያ ጋር፣ የጉሬዛን መንጋ ከነመኖሪያው ለማሳየት ግን አጭሩ ይመረጣል።