ፊሽካ በእጅ ወይስ በአፍ?

በሐረር ከጀጎል ግንብ ውጭ የተማሪዎችን የእግር ኳስ ግጥሚያ የሚመሩትን ዳኞች ስመለከት ሦስት ዓይነት ልማድ አየሁ። አንዱ ፊሽካውን በአንገቱ ያንጠለጥላል፤ ሁለተኛው ክሩን በእጁ ጠቅልሎ ይይዘዋል፤ ሦስተኛው ግን ከአፉ አይለየውም።

በአንገት ያለው አይጠፋም፤ ነገር ግን ሲሮጡ ይወዛወዛል። በአፍ ያለው ፈጣን ነው፤ ጉዳቱም ከዚሁ ይመጣል። የተጠለፈው ተጫዋች ተነሥቶ ግብ ቢያገባ፥ ዳኛው አስቀድሞ ከነፋ ግቡ አይቆጠርለትም። ሕጉ ግን ለተበደለው ቡድን የሚጠቅም ሲሆን ጨዋታው እንዲቀጥል ይፈቅዳል። ፊሽካው ከእጅ ወደ አፍ እስኪደርስ ዳኛው ይህን ለማየት ጥቂት ጊዜ ያገኛል።

እ.ኤ.አ. በ1884 ጆሴፍ ሁድሰን በእንግሊዝ አገር የሠራው ፊሽካ በውስጡ የምትሽከረከር ፍሬ ነበረችው፤ እርሷ ስትጣበቅ ድምፁ ይታፈናል። በ1987 ካናዳዊው ሮን ፎክስክሮፍት ፍሬ የሌለውን አወጣ።

ስለዚህ እኔ የምመርጠው አንዱን በእጅ መያዝ፥ ሁለተኛውን በኪስ ማኖር ነው።